ከጋዜጣው ሥር የተለጠፈው

ረቡዕ፣ የካቲት 1/70፣ ጠዋት 3 ሰዓት

ሙጫው ፈልቷል። የሚያስፈልገው፦ የዱቄት ሙጫ፣ ብሩሽ፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ ዝም ማለት። ግድግዳ እያለበስን ነው፣ ደብተሬ። ማንም አይጠረጥርም። ጉለሌ ውስጥ ጭቃ ቤቱን ጋዜጣ ያላለበሰ ማን አለ።

ከጋዜጣው ሥር የጋሽ አምዴ ጽሑፍ አለ። ጓሮ ክፍላችንን ተከራይቶ የኖረው አስተማሪ። ነጮች ራስ ቅል እየለኩ ማን ጌታ፣ ማን ሎሌ እንደሚሆን እንዴት እንደወሰኑ ዕድሜውን ሙሉ ጻፈ። በንጉሡ ጊዜ ወዳጅ አገር ያስቀይማል ብለው አላተሙለትም። አሁን ደግሞ መደብ እያለ ስለ ዘር ምን አስጻፈህ አሉት። እሁድ ገድለው ሸጎሌ መንገድ ዳር ጣሉት። ደረቱ ላይ ጥፋቱን የጻፉበት ካርቶን። ማልቀስ ክልክል። አላለቀስንም።

ታይፕ ያደረገችለት ልጄ ሠናይት ናት። አቃጥዪው አልኳት። ሌላ ቅጂ የለም አለች። ይኸው እለጥፋለሁ።

ዓርብ፣ የካቲት 3፣ ከሰዓት

አሰሳ። አብዮት ጠባቂዎቹን ይዞ የመጣው ግርማ፣ የሰፈራችን ልጅ። ድሮ ጋሽዬ ይለኝ ነበር። ዛሬ አንተ ሽማግሌ። ግድግዳውን አይቶ ሳቀ።

«ይሄን እያየህ ነው የምትተኛው?»

ዞር አልኩ። አልጋዬ ራስጌ፣ ደርግ የረሸነው ባለሥልጣን ፎቶ። ዩኒፎርሙን ለብሶ። እኔ ሙጫውን እንጂ ጋዜጣውን መች አየሁ።

በሰደፍ አፌን አለኝ። ጥርስ ተፋሁ። ጋዜጣውን ሲቦጭቀው የጋሽ አምዴ ገጽ አብሮ መጣ። ማነው ታይፕ ያደረገው? ሠናይት አፏን ከመክፈቷ በፊት፣ እኔ አልኩ። ግራ እጄን በጫማው ረገጠው። ሁለት ጣት ተሰበረ።

«ሰኞ ታይፑን ይዘህ ቀበሌ ና። ፊቴ ትጽፋለህ። ካቃተህ ልጅቷን እናነጋግራታለን።»

ውጭ ተኩስ። ግርማ ገጹን ይዞ ሮጠ። የተመታው የጎረቤታችን ልጅ ነው፣ አጥር ሲዘል። እናትየው ደሙን በውሃ ታጥባለች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 4

ታይፑን ከጭድ ውስጥ አወጣን። ነክቼው አላውቅም። ሠናይት፣ አባዬ እኔ ልሂድ ትላለች። ዝም በይና አሳዪኝ አልኳት። ፊደሉ ባንዴ አይወጣም፤ መጀመሪያ አካሉ፣ ከዚያ ቅጥያው። ያበጠ ጣት ሁለቱን አንድ ላይ ይመታል።

የምለማመደው ከግድግዳው በላጥነው በጋሽ አምዴ የመጀመሪያ ገጽ ነው። በየመስመሩ የተለኩ ሰዎች። ያን ሁሉ ዓመት አጠገቤ ሲኖር ስለ አጥርና ስለ ቧንቧ ብቻ አወራን። ተናደድኩ። በማን እንደሆነ እንጃ።

እሁድ፣ የካቲት 5

የቀሩትን ገጾች በሞቀ ውሃ ከግድግዳ ላጥናቸው። ጥቂቱ ተቀደደ። እጄ ይጠዘጥዛል።

ሰኞ፣ የካቲት 6፣ ጠዋት

ሠናይት ከዊንጌት አውቶብስ ተሳፈረች፣ ገጠር አክስቷ ጋ። ገጾቹ ሆዷ ላይ ታስረዋል። እኔ የምይዘው፦ ታይፕ፣ መነጽር፣ ጋቢ። ግርማ ፊት የምጽፈው የጋሽ አምዴን የመጀመሪያ ገጽ ነው። ሦስት መስመር ያለ ስህተት ይወጣልኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን እንጃ።

አንተን ግን፣ ደብተሬ፣ ትቼህ አልሄድም። የሠናይት ስም አለብህ። ምድጃው ነዷል።