ከመኪና ስላልወረድኩ ንቀት የተባለብኝ ነገር

ረቡዕ፣ ጂንካ

ይድረስ ለተከበሩ የከተማችን ትራፊክ ፖሊስ አለቃ፣

ጤናዎ እንዴት ነው፣ ቤተሰብዎስ፣ ፀሐይ ላይ ቆመው የሚውሉት ባልደረቦችዎስ እንዴት ናቸው፤ እኔ ከፍርሃቴ በቀር ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ። ስሜ አስቻለች አንጁሎ ነው፣ ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ አጻጻፌን ይቅር ይበሉኝ። ይሄን ደብዳቤ ፌስቡክ ላይ ያወጣሁት ሦስት ቀን ቢሮዎ ተመላልሼ በር ላይ ያሉት አለቃው ስብሰባ ላይ ናቸው ስላሉኝ ነው፤ ለስብሰባዎ አመሰግናለሁ፣ ያለ እሱ ይሄን ለመጻፍ አልደፍርም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኞ ጠዋት የአክስቴን ልጅ መኪና እየነዳሁ ገበያው አጠገብ ስደርስ ትራፊክ ውባየሁ እጁን አነሳ፣ እኔም ወዲያው ዳር ይዤ ቆምኩ፣ ሞተር አጠፋሁ፣ መስኮት አወረድኩ፣ ሁለት እጄን መሪው ላይ አድርጌ ጠበቅኩት። እሱም ጠበቀኝ። እኔ ይመጣል እያልኩ፣ እሱ ትወርዳለች እያለ ስንተያይ ከኋላ ያለው ባጃጅ ሁሉ ክላክሱን ያስጮሃል፣ በመጨረሻ መጣና "እኔ ነኝ አንቺ ጋ የምመጣው? ማን ሆነሽ ነው?" አለኝ። መንጃ ፈቃዴን ወስዶ ኪሱ ከተተና ሄደ። ጥፋቴ ምንድነው ብዬ ስጠይቅ ንቀት ነው ተባልኩ።

ቢሮ ቅሬታ በቁጥር ሲሆን ይወዳል ስላሉኝ በቁጥር ላድርገው።

አንደኛ፣ እኔ መንዳት የተማርኩት ዓረብ አገር ነው፣ ማዳሜ ናት ልጆቿን ትምህርት ቤት እንዳመላልስ ያስተማረችኝ። እዛ መጀመሪያ ፖሊስ ያስቆመኝ ቀን እዚህ እያየሁ ያደግኩትን አደረግኩ፤ እዚህ ሾፌር ሁሉ ወረቀቱን ይዞ ወርዶ ጎንበስ ብሎ አይደል የሚሄደው፣ እኔም በሩን ከፍቼ መንጃ ፈቃዴን በሁለት እጄ ይዤ እየሮጥኩ ሄድኩለት። ሰውየው ወደ ኋላ ዘሎ ሽጉጡን ያዘ፣ ይጮሃል፣ ልጆቹ መኪና ውስጥ ያለቅሳሉ፣ እኔ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዛ በኋላ ማዳሜ በየቀኑ አስጠናችኝ፣ አትውረጂ፣ እጅሽ ይታይ፣ እሱ ይምጣ ብላ። አራት ዓመት እንደዛ ነዳሁ። ሰኞም እጄ መሪው ላይ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ንቀት እንደዛ የሚያንቀጠቅጥ ከሆነ እሺ፣ ንቄያለሁ።

ሁለተኛ፣ መንጃ ፈቃዴን ወደ እዚህ አገር ሳስቀይር ምልክቱን ሁሉ ጠይቀውኛል፣ ፖሊስ ሲያስቆምሽ ውረጂ ያለኝ ግን የለም፤ የት እንደተጻፈ ቢጠቁሙኝ በቃሌ አጠናዋለሁ።

ሦስተኛው ነው ዋናው፣ የላይኞቹን ቢተዉአቸውም ግዴለም። አዋላጆችን ገጠር፣ ካንጋተንና ዱስ ድረስ የሚያመላልስ አንድ ድርጅት በሾፌርነት መርጦኛል፣ ዓርብ እስከ ስድስት ሰዓት ዋናውን መንጃ ፈቃድ ካላሳየሁ ግን ቦታው ለተጠባባቂው ይሰጣል። ከዓረብ አገር ከመጣሁ ስምንት ወር ሆኖኛል፣ ሌላ ሥራ አላገኘሁም፣ ይሄም ካመለጠኝ ተመልሼ ዓረብ አገር ነኝ፣ መመለስ ደግሞ አልፈልግም፣ እፈራለሁ፣ እናቴም ሁለተኛ አትችለውም።

ተጠባባቂው ሕዝቅኤል ይባላል፤ ዝም ብሎ ዓርብን ቢጠብቅ ሥራው የሱ ነበር፣ እሱ ግን ትናንት ስለ እኔ ሊለምን ቢሮዎ ሄደ። ወንበር ተሰጠው፣ ለአክብሮታችሁ አመሰግናለሁ። ትራፊክ ውባየሁ በሱ በኩል "ባሏን ወይም ወንድሟን ይዛ ትምጣና ይቅርታ ትጠይቅ፣ ከዛ እንሰጣታለን" ብሎ ላከብኝ። ባል የለኝም። ወንድሜ ደግሞ ሰኞ መኪናው ውስጥ አልነበረም፣ ባልነበረበት ነገር ምን ብሎ ይቅርታ እንደሚጠይቅ አስቀድማችሁ አስጠኑልኝ።

እስከዛው ዕድሜና ጤና እየተመኘሁልዎ፣ ለሥራዎም መቃናት እየጸለይኩ፣ ከእነ ፍርሃቴ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

አስቻለች አንጁሎ
እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት ሾፌር

ማሳሰቢያ፦ ነገ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ብቻዬን እመጣለሁ። በእግሬ ነው የምመጣው፤ ከእግርሽም ላይ ውረጂ የሚለኝ ካለ ከወዲሁ ይንገሩኝ።