የምሽቱ አንድ ሰዓት፦ የአቶ ጥዑመልሳን ወልደ ሥላሴ የሕይወት ታሪክ

ቅዳሜ ሐምሌ 5 ቀን 1989 ዓ.ም. ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት፣ በአሜሪካው አቆጣጠር በዘጠኝ ሰዓት፣ አቶ ጥዑመልሳን ወልደ ሥላሴ ዳላስ በሚገኝ ሆስፒታል ሲያርፉ ባለቤታቸው ወ/ሮ ዕፀገነት፣ ልጆቻቸው ማቲዎስና ሊድያ፣ የእኅታቸው ልጅ እንየው እንዲሁም የሥራ ባልደረባቸው አቶ ጫላ በአጠገባቸው ነበሩ። ሰዓቱ እዚህ በሁለቱም አቆጣጠር የተጻፈው እርሳቸው በሌላ መንገድ እንዲጻፍ ስለማይፈቅዱ ነው። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ የኢትዮጵያ ነው።

አቶ ጥዑመልሳን ከእናታቸው ከወ/ሮ ዕፀ ሕይወትና ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ሥላሴ በ1931 ዓ.ም. በወልድያ ከተማ ተወለዱ። እዚያው ፊደል ቆጥረው፣ አዲስ አበባ መጥተው በቴክኒክ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ ሙያ ተማሩ። በ1953 ዓ.ም. በቆቃ የውኃ ኃይል ማመንጫ ተቀጠሩ። ውኃ ተጠራቅሞ በጊዜው ሲለቀቅ መብራት፣ ያለ ጊዜው ሲለቀቅ ግን ወንዝ ብቻ መሆኑን ያወቁት እዚያ ነው። በ1964 ዓ.ም. ከወ/ሮ ዕፀገነት ጋር በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ጋብቻ ፈጽመው ሁለት ልጆች አፈሩ።

በ1973 ዓ.ም. ከነቤተ ሰባቸው ወደ ሱዳን ተሰደዱ። በካርቱም ጄኔሬተር እየጠገኑ ቆይተው በ1976 ዓ.ም. ዳላስ ገቡ፤ ቪከሪ ሜዶ በሚባለው ሰፈርም አፓርትመንት ተከራዩ። በዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ አራት ዓመት ሻንጣ ጫኑ። ከዚያም በ1980 ዓ.ም. ፋርመርስ ብራንች ከተማ ባለ የጄኔሬተር ጥገና ድርጅት ወደ ሙያቸው ተመለሱ።

በ1986 ዓ.ም. ድርጅቱ በካሪቢያን ባሕር ወዳለች አንዲት ትንሽ ደሴት አገር ላካቸው። ደሴቲቱ ግማሹን መብራት ከአንድ ወንዝ፣ ግማሹን በመርከብ ከሚመጣ ናፍጣ ታገኝ ነበር። ሕዝቡ እየበዛ ስለሄደ ሁለቱ የናፍጣ ሞተሮች አልበቁም። ሦስተኛ ሞተር ይገዛ ወይስ ወንዙ ላይ ውኃ የሚያጠራቅም ኩሬ ይሠራ? ይህን ለመወሰን ሕዝቡ በየሰዓቱ ስንት ኃይል እንደሚጠቀም መታወቅ ነበረበት። አቶ ጥዑመልሳን ስድስት ሳምንት ሙሉ አንድም ሰዓት ሳይዘሉ መዘገቡ።

ብዙ ኃይል የሚፈለገው በአንድ ሰዓት መሆኑንም ጻፉ። የድርጅቱ ቢሮ ግን ከእኩለ ቀን በኋላ ያለው አንድ ሰዓት መሰለው። ሕዝቡ በቀን ብርሃን ይህን ያህል የሚጠቀም ከሆነ ውኃው የሚጠራቀምበት ጊዜ የለም ተባለ፤ ሞተሩ እንዲገዛ ሐሳብ ቀረበ።

በሚቀጥለው ዓመት ሊድያ መዝገቡን በኮምፒውተር ስትገለብጥላቸው፣ “አባዬ፣ ሶ እነዚህ ሰዎች በዋን ፒኤም ላይት የሚያበሩት ለምንድነው? ፀሐይ የላቸውም?” አለቻቸው። አቶ ጥዑመልሳን መነጽራቸውን አውልቀው፣ “ልጄ፣ ደሴት ሄጄ በወልድያ ሰዓት ጽፌ መጣሁ” አሉ። የጻፉት የምሽቱን አንድ ሰዓት ነበር፤ በአሜሪካው ሰባት ሰዓት ማለት ነው። እንግዲያው ውኃው ቀኑን ሙሉ ተጠራቅሞ ለምሽቱ ይደርስ ነበር።

የሞተሩ ውል ሊፈረም አሥር ቀን ቀርቶት ነበር። አቶ ጫላ፣ “ጋሼ፣ ዝም ቢሉ ማን ያውቃል? ሞተሩ ይሸጥ፣ ሥራችንም ይቀጥል” ቢሏቸው፣ “ስሕተቱ የእኔ ነው፤ ጭሱን የሚስቡት ግን እነርሱ ናቸው” ብለው መለሱላቸው። በማግስቱ ለኃላፊያቸው ነገሩ፤ የተስተካከለውንም መዝገብ በኃላፊው ፈቃድ ወደ ደሴቲቱ ላኩ። ኃላፊው ከመስክ ሥራ አንሥቷቸው ሦስት ወር የሞተር ዕቃ ሲያጥቡ ከረሙ። አንድ ቀን አልቀሩም።

የደሴቲቱ ሠራተኞች ራሳቸው ቆጥረው ያረጋገጡት የእርሳቸውን የተስተካከለ መዝገብ ነው። ውሉ ቀረ፤ የኩሬው ሥራ ተጀመረ። ድርጅቱም የውኃ ማመንጫውን የጥገና ሥራ ስላገኘ አቶ ጥዑመልሳንን መልሶ ላካቸው። ከዚያ ወዲህ በግራ እጃቸው ሁለት የእጅ ሰዓቶች ያስሩ ነበር። አቶ ጫላ፣ “ጋሼ፣ የወልድያው የትኛው ነው፣ የግሪን ካርዱስ?” እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር፤ እርሳቸውም አብረው ይስቁ ነበር።

ኩሬው በግንቦት ወር 1989 ዓ.ም. አለቀ። አቶ ጥዑመልሳን ግን የኩላሊት ሕመማቸው ጸንቶባቸው ለምረቃው መሄድ አልቻሉም። አልጋ ላይ ሆነው የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፤ ዝናቡ ኩሬውን ሲሞላ የምሽቱ አንድ ሰዓት ያለ ናፍጣ ያልፍ እንደሆነ። “ያልፋል፤ እኔ ቆጥሬዋለሁ” ብለው ራሳቸው ይመልሱ ነበር። ሐኪሞች ብዙ ቢረዷቸውም በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ዐረፉ።

አቶ ጥዑመልሳን ባለቤታቸውን ወ/ሮ ዕፀገነትን፣ ልጆቻቸውን ማቲዎስንና ሊድያን እንዲሁም አንዲት የልጅ ልጅ ትተው አልፈዋል። ዝናቡን በወቅቱ የሚያወርድ አምላክ ነፍሳቸውን ጨለማ በማያገኘው ቤቱ ይቀበልልን፤ ለቤተ ሰባቸውም ብርታትን ይስጥ።

ማክሰኞ ሐምሌ 8 ቀን ከደሴቲቱ በስማቸው ፋክስ መጣ። ሰኞ ምሽት በአንድ ሰዓት፣ በአሜሪካው አቆጣጠር በሰባት ሰዓት፣ የደሴቲቱ መብራት በሙሉ በውኃ በርቷል። ሁለቱም የናፍጣ ሞተሮች አልተነሡም።