ወተት የምታሞቀዋን ሴት እንዳታስወጣት

ይድረስ ለምወድህ፣ ለምሳሳልህ ታናሽ ወንድሜ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህ እንዴት ነው? እንቅልፉስ? ምግቡስ? ያ ብዙ ስትጽፍ የሚይዝህ ወገብህስ? አሁንም ያቺን አንድ እግሯ ያጠረ ወንበር በመዝገበ ቃላት ደግፈህ ትቀመጥባታለህ ወይስ እንደ ሰው ወንበር አገኘህ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እማዬም ደህና ናት። ጉልበቷ የሚያማት ደረጃ ስታይ ነው፤ ከደረጃው ጫፍ ወሬ ካለ ግን ጉልበት እንዳላትም ትረሳዋለች። በስፌት ቤቱም ሥራ አልጠፋም። ያቺ አሮጌ ማሽን ናፍቆትህ ገብቷት ነው መሰል፣ መንጫጫቷ ብሷል።

የላክኸው ጥቅልም ደብዳቤውም በሰላም ደርሶኛል። አሳታሚው ያለህን ሳነብ ደሜ ፈላ። «ልብ ወለዱ ቀርፋፋ ነው፤ የመጀመሪያውን ግማሽ ቁረጠውና ሬሳው በመጀመሪያው ገጽ ይውደቅ፤ ምዕራፉን ሁሉ ወተት የምታሞቅ ሴት ማን ይታገሣል?» አለህ። አንተም እንደ ልማድህ ሳትከራከር ግማሽ መንገድ ሄደህለታል። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ልትሰጠው ነው፤ ከዚያ በፊት ግን የስፌት ቤቱ ሰው ሰምቶ ይፍረድ፣ እነሱን ከሰለቻቸው እቆርጠዋለሁ ብለሃል። ቆራጩ ምን አለ፣ ባለካውያዋ ምን አለች፣ ዘምዛሚዋስ፣ እማዬስ እያልህ አንድ በአንድ ጠይቀሃል። እንግዲህ ተደላድለህ ተቀመጥና ስማ፤ ፍርዱ ደርሷል።

የምናነበው እንዴት መሰለህ። ጠዋት ማሽኖቹ ሲንጫጩ እንኳን ልብ ወለድ የራስህን ሐሳብ አትሰማም። ከምሳ በኋላ ግን የእጅ ሥራ ነው፤ ቁልፍ መትከል፣ ጠርዝ መዘምዘም፣ ትርፍ ክር መልቀም። ያኔ ቤቱ ጸጥ ይልና ዘምዛሚያችን ታነባለች። ድምፅዋ ጥርት ያለ ስለሆነ «ራዲዮ» ነው የምንላት። እሷ ስታነብ የእሷን ጠርዝ እኛ ተከፋፍለን እንዘመዝምላታለን። እማዬ ድሮ ምሳዬን አቀብላኝ ትመለስ ነበር፤ ካንተ መጽሐፍ ወዲህ ግን ከመስኮቱ ሥር ወንበር ይዛ ትሰየማለች፣ ሳህኑም ሳይታጠብ ይመሻል።

እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ ላይ አሳታሚህ እኛም ቤት ደጋፊ አላጣም። ባለካውያዋን ታውቃታለህ፣ ምላሷም እንደ ካውያዋ ነው። ገና ከበሩ ስትገባ «ዛሬስ ይሞታል ወይስ ነገ እንመለስ?» ትላለች። ያ ባለ መድኃኒት ቤት ሰውዬህ ቁርሱን በልቶ፣ ምሳውን በልቶ፣ ታላቅ እኅቱ ወተት አሙቃለት ሲተኛ ጊዜ «ይሄን ሰውዬ እነሱ ካልገደሉት እኔ እገድለዋለሁ» አለች። ቆራጩ ከጨርቁ ቀና ሳይል «ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ይለካል፤ ሰውዬው እየተለካ ነው» ብሎ ዝም አሰኛት። እማዬ ደግሞ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ለአሳታሚው ጻፉለት አለች። እኔ የምፈርደው ባየሁት ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ያቺ ስትሳደብ የነበረች ሴት የንባቡ ሰዓት ሳይደርስ ካውያዋን ነቅላ፣ ወንበር ስባ ከራዲዮ አጠገብ ስትቀመጥ አይቻለሁ።

ያስቸገረን ዝምድናው ነው። የሰውዬው የመጀመሪያ ሚስት ፈታችውና የንግድ ሸሪኩን አገባች። እሱም በእልህ የሸሪኩን እኅት አገባ። ከመጀመሪያዪቱ የተወለደው ልጁ ነፍሱን እስኪስት የሚወዳት ልጃገረድ ደግሞ፣ አባትየው በስውር የወለዳት የገዛ እኅቱ ሆና እርፍ! ባለካውያዋ «ይሄ ቤተሰብ ነው ወይስ ድመት የተጫወተበት ልቃቂት?» አለች። ማን የማን እንደሆነ ሲምታታብን ራዲዮ አንድ ብልሃት አመጣች። በቁራጭ ጨርቅ ላይ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቁልፍ ተከልን። ሟቹ ትልቁ ጥቁር የካፖርት ቁልፍ ነው፤ የመጀመሪያ ሚስቱ የሐር ሸሚዝ ቁልፍ፣ ሁለተኛዋ ያ ወርቅ ቅቡ፣ ሸሪኩ የሱሪ ቁልፍ። ነጭ ክር ለሥጋ ዝምድና፣ ቀይ ክር ለፍቅር፣ ጥቁር ክር ለቂም አደረግን። አንድ ምስጢር በወጣ ቁጥር አንድ ክር እንጨምራለን። ያቺ ወተት የምታሞቀዋ እኅቱ የደረሳት የትራስ ልብስ ቁልፍ ነው፤ ከወንድሟ ጋር በነጭ ክር አያያዝናትና ረሳናት።

ሰውዬው ታሞ ሰንብቶ በመርዝ የሞተ ዕለት ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። ባለካውያዋ «ገና ስለምደው!» ብላ ከልቧ አዘነች። ከዚያ ወዲያ ሁሉም መርማሪ ሆነ። እሷ ሸሪኩን ጠረጠረች፣ ራዲዮ ሁለተኛ ሚስቱን፣ ቆራጩ ልጁን። ሱሪ ሊያስጠብብ የመጣ አንድ ደንበኛ ወገቡ ላይ መርፌ እንደተሰካበት ምዕራፉን ቆሞ ጨረሰና «የመጀመሪያ ሚስቱ ናት፤ የኔም እንደዚያው ነበረች» ብሎ ሄደ። በማግስቱ ሌላ ሱሪ ይዞ መጣ። ለካሁት፤ ሱሪው ልኩ ነበር።

አሁን አንድ ጥፋት ልነግርህ ነው፣ አትቆጣ። የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ወረቀቱ የለም። ጠረጴዛ ሥር፣ ጨርቅ ጥቅል ውስጥ፣ ያልፈለግንበት የለም። ለካ ቆራጩ ነው! አንተ የላክኸው ወረቀት ወፈር ያለ ነው፣ ጀርባውም ባዶ። ተገልብጦ ከጠረጴዛው ጫፍ ሲያገኘው የልክ ወረቀት መስሎት፣ ለተማሪዎች ዩኒፎርም የኮሌታና የኪስ ልክ ቆርጦበታል። ያም አልበቃ ብሎ ልኮቹን ሥራውን ለሚጋራን ለሌላ ስፌት ቤት ልኳቸዋል፤ እነሱም ዩኒፎርሙ ሳያልቅ አንመልስም አሉ። ምስኪኑ ሰውዬ ጆሮው ድረስ ቀላ። ገዳዩን ኪስ ውስጥ ከተትኸው እያለች ባለካውያዋ ቁም ስቅሉን አሳየችው።

ግን ስማኝ፣ የበጀህ ይኸው ጥፋት ነው። መጨረሻውን የሚነግራቸው ስለጠፋ፣ ያላቸው ያ ቀርፋፋ የተባለው ግማሽ ብቻ ሆነ። ወደ ኋላ እየተመለሱ ያነበቡትን ማላመጥ ጀመሩ። ሲጨቃጨቁ እማዬ ጨርቁን ስታየው ቆየችና የትራስ ልብሷን ቁልፍ በጣቷ ነካ አደረገች። «ይቺ የተያዘችው በአንድ ክር ብቻ ነው» አለች። «በአንድ ክር የተያዘ ቁልፍ ደግሞ መውደቁ አይቀርም።» ሁላችንም ዞርን። እሷም ባለካውያዋ ያዛጋችበትን ያን ምዕራፍ አስታወሰችን። ያቺ ሴት ዕድሜ ልኳን ወተቱን በሁለት ኩባያ ቀድታ ከወንድሟ ጋር ነበር የምትጠጣው። ሰውዬው መታመም ከመጀመሩ በፊት ግን ወተት ሆዴን ይነፋኝ ጀመር ብላ አንድ ኩባያ ብቻ ማቅረብ ያዘች። ያኔ ባለካውያዋ «የሷ ሆድ ምን አገባን?» ብላ ነበር። አሁን አፏን በእጇ ያዘች።

ልኮቹ ሲመለሱ ቆራጩ ኮሌታውን ከኪሱ እየገጣጠመ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው፤ ራዲዮም ጎንበስ ብላ አነበበች። እማዬ ልክ ነበረች። ወንድምየው ቤቱን ለመሸጥ ተዋውሎ፣ እኅቱንም ዘመድ ጋ ሊልካት ቆርጦ፣ ሁሉን ከጨረሰ በኋላ ነው የነገራት። «ዕቃ እንኳ ሲወሰድ የማን ነው ይባላል» አለችው መርማሪውን። የቀረው ቃሏ ሁለት ኮሌታ ላይ ተከፍሎ ስለነበር ራዲዮ ቆም ብላ ነው ያነበበችው፦ «አንድ ቀን አንቺስ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር፣ ወተቱ ወተት ሆኖ ይቀር ነበር።» ቀና ስል ሁሉም እኔን ያያሉ።

አወቅኋት፣ ወንድሜ። ክር በጥርሷ ስትበጥስ፣ ስታስብ መርፌውን ደረቷ ላይ ስትሰካ፣ ላግባሽ ላላት ሰው «ወንድሜ ትምህርቱን ሳይጨርስ አይሆንም» ብላ ስትመልስ፣ ያየሃት አንተ ነህ፣ የሆንኋት ደግሞ እኔ ነኝ። አልዋሽህም፣ በጣም ከፋኝ። እማዬ ለሥራ ስትወጣ አዝዬ ያሳደግሁት ልጅ መርዝ አስያዘኝ ብዬ ከሰው ጋር መነጋገር አስጠላኝ። ያበረደችኝ እማዬ ናት። «አንቺን መቼ ጎዳሽ? የተገደለው እኮ እሱ ነው» አለችኝ። ነገሩን ሳስበው እውነቷን ነው። አንተ ጅል፣ በገዛ መጽሐፍህ የሞትኸው ራስህ ነህ! ያኔ ሳቄ መጣ፤ ስስቅም እንባዬ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ቀለለኝ።

ሌላም ነገር ገባኝ። ለመቁረጥ የቸኮልኸው አሳታሚው ቀርፋፋ ስላለህ ብቻ አይደለም። የሚቆረጠው ግማሽ እኔ ያለሁበት ግማሽ ነው። እንዳይከፋኝ ብለህ ከመጽሐፉ ልታስወጣኝ ነው፤ ያንንም ሳትጠይቀኝ። በደብዳቤህ ቆራጩን፣ ባለካውያዋን፣ ዘምዛሚዋን፣ እማዬን ምን አሉ ብለሃል። ገልብጬ ጀርባውን ሁሉ አየሁት፤ እኔን አንቺስ አላልኸኝም። ያ ባለ መድኃኒት ቤት ያደረገው ይህንኑ አይደለም?

ስለዚህ ሳልጠየቅ እናገራለሁ። ወተት የምታሞቀዋን ሴት እንዳታስወጣት። እኔ ነኝ፣ እኔም ፈቅጃለሁ። መርዙ ያንተ ነው፣ የቀረው የኔ ነው፤ ሁለቱም ከእውነተኛ ቦታ መጥተዋል። አንዳንድ ቀን ደክሞኛል፣ አንዳንድ ቀንም ያ ሰው ትዝ ብሎኛል። ቢሆንም አንተን በማሳደጌ አንድም ቀን አልተጸጸትሁም፤ ይህን ደግሞ ያቺ ሴትህ ማለት አልቻለችም፣ ልዩነታችን እሱ ነው። የግድ መቁረጥ ካማረህ የልጁን የፍቅር ደብዳቤዎች ቁረጥ፤ ራዲዮ እንኳ ስታነባቸው ድምፅዋ ይደክማል። መርማሪውም እንደ መጽሐፍ ማውራቱን ይተውና አንዳንዴ እንደ ሰው ያስነጥስ። ባለካውያዋ ደግሞ ሰውዬው ትንሽ ቀደም ብሎ ቢሞት አልጠላም፣ ከወተቱ ግን አንድ ማንኪያ እንዳይጎድል ብላለች። አሳታሚው እምቢ ካለ ይቅርበት። ለአንዱ የጠበበ ልብስ ለሌላው ልኩ ነው፤ እኔ በዚህ ሥራ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ ልክ አውቃለሁ።

እማዬ ጉንጭህን አገላብጣ ትስምሃለች፤ ገዳዩን ያገኘሁት እኔ መሆኔ ይጻፍልኝ ብላለች። ቆራጩ ይቅርታህን ይለምናል፤ ምዕራፉንም ኮሌታና ኪሱን በሌላ ወረቀት ላይ ለጥፎ እንዳለ መልሶልሃል። ራዲዮ እጅ ትነሣለች። ባለካውያዋ ሌላ ሬሳ ካለህ ላክ ትላለች። ለባለቤትህ ፍቅሬን ንገርልኝ፤ የጻፍኸውን ሁሉ ቀድማ የምታነብ እሷ ናትና አምሽተህ ስትሠራ ትቆጣህ። ትንሿን ልጅህንም ሁለት ዓይኖቿን ሳምልኝ፤ የሰፋሁላት ቀሚስ ከዚህ ጋር አለ፣ ቁልፎቹን ሁሉ በድርብ ክር ነው የተከልሁት።

በል እንግዲህ፣ ለአሳታሚው የምትመልሰውን ከመላክህ በፊት ለኔ ጻፍልኝ፣ መጀመሪያውም አንቺስ የሚል ይሁን። ስትመጣም ወተት አሞቅልሃለሁ። አትፍራ፤ በሁለት ኩባያ ነው የማቀርበው፣ እኔም አብሬህ እጠጣለሁ።

የምትወድህ ታላቅ እኅትህ

ከስፌት ቤቱ፣ ከመስኮቱ ሥር
ግንቦት ፲፪ ቀን