ቃሉስ ገባ

ላንቻ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሰምሃል፤

እንደምን ሰንብተሻል? ያ የማያልቅ በረዶስ እንዴት አድርጎሻል? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴም ደህና ነው፣ ደረጃ ካላሳየሁት።

ይህን በእጄ የምጽፍልሽ የድሮ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። ባለፈው ሳምንት ኢሜይል ብልክልሽ በቅጽበት መልስ መጣ። ልጄ ስትጠብቀኝ ነበር ብዬ በደስታ ብከፍተው «በአሁኑ ጊዜ ከቢሮ ውጭ ነኝ፤ ለአስቸኳይ ጉዳይ የሚመለከተውን ክፍል ያነጋግሩ» ይላል። የሚመለከተውን ክፍል ባውቀው ኖሮ አንቺን ለምን አስቸግራለሁ?

ነገሩ እንዲህ ነው። አንቺ ያለሽበት አገር መንግሥት፣ ማለቴ ደመወዝሽን የሚከፍለው፣ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ ትልቅ ጉባኤ አድርጎ ነበር። ርእሱ «ረሃብን ከዓለም ለማጥፋት የጋራ ቁርጠኝነት» ይላል። እኔ በአስተርጓሚነት ተጠርቼ ከኋላ ካለችው የመስታወት ሳጥን ውስጥ ተቀመጥኩ። የእናንተ መልእክተኛ «ቁርጠኝነት» የምትለዋን ቃል አንስተው አይጠግቡም። መጨረሻ ላይ ምላሴ ደክሞ አንዴ «አገራችን የማይናወጥ ቁርጠት አላት» ብያለሁ። ማንም አላስተዋለም። እንዲያውም አንድ የቢሮ ኃላፊ ማስታወሻ ያዘ።

በመጨረሻ መልእክተኛው በድርቅ ለተጎዱት የራያ ቆላ ቀበሌዎች እህል ለመላክ ቃል ገቡ። ተጨበጨበ። ቀጥሎ ወይዘሮ መብርሂት ተጠራች። ጎረቤቶቿ መርጠው የላኳት፣ ትግርኛውንም አማርኛውንም እኩል የምታስኬድ የራያ ሴት ናት። አንቱ አትበለኝ ስላለችኝ ነው እንዲህ የምጽፈው። በፕሮግራሙ ላይ የእሷ ሰዓት «የተጠቃሚዎች ምስጋና» ተብሎ ተይዟል፤ ለእሷ ግን የነገራት የለም። ቆመች፣ ማይክሮፎኑን እንደ አመለኛ በቅሎ በጥርጣሬ አየችው፣ ከዚያ እንዲህ አለች፦

«ቃሉስ ገባ። እህሉስ መቼ ይገባል?»

እስቲ አንቺ ተርጉሚው! በእነሱ ቋንቋ ቃል ይሰጣል እንጂ አይገባም። እኔም ለማሰብ ፋታ ስላልነበረኝ «ቃላችሁ ደርሶናል» ብዬ ጀመርኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ለማጨብጨብ ደግሞ ሁሉም ማዳመጫውን ከጆሮው እያወለቀ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። «እህሉስ መቼ ይደርሳል?» የሚለውን የተናገርኩት ለጠረጴዛዎቹ ነው። ጠረጴዛዎቹ በጥሞና አዳመጡኝ።

ማታ ሬዲዮው «የአካባቢው ተወካይ ቃል የተገባው ድጋፍ እንደ ደረሳቸው ገልጸው ምስጋናቸውን አቀረቡ» አለ። ጠዋት መብርሂት ሆቴሉ በር ላይ ስልክ ይዛ አገኘኋት። ባሏ ሃድጉ ከዚያ ማዶ ሲጮህ እኔም ይሰማኛል።

«አንቺ ሴት፣ እህሉን የት አደረስሽው?»

«የምን እህል?»

«በሬዲዮ ደረሰን አልሽ አይደል እንዴ! ደጃችን በጆንያ ተሞልቷል።»

«ውይ እመቤቴ! መጣ እንዴ?»

«ምኑ ይመጣል! ሰዉ ባዶ ጆንያውን ይዞ ተቀምጧል እንጂ። ሸጣው ነው የሚልም አለ።»

ስልኩን ዘጋችና እኔን አየችኝ። «መምህር፣ ምን ብለህ ነው የነገርክልኝ?» አለች። ለዚህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ጥሩ ትርጉም አላገኘሁለትም።

የጉባኤውን አዘጋጅ አቶ ተከስተን ፍለጋ ገባን። «ሴትዮዋ እኮ አላመሰገነችም» አልኩት።

«መምህር፣ በፕሮግራሙ መሠረት አመስግነዋል።»

«የጠየቀችው ጥያቄ ነው።»

«የጥያቄ ሰዓት ከሻይ በኋላ ነበር እኮ!» አለኝ፤ ከልቡ አዝኖልኝ።

ቃለ ጉባኤው ተልኳል። «ደረሰን» ላለ ቀበሌ ድጋሚ እህል አይጫንም፤ መኪኖቹ ወደ ሌላ ቦታ ተመድበዋል። ማስተካከያ ከተፈለገ ቃል የገባው አገር ዋና መሥሪያ ቤት፣ የዓለም አቀፍ ትብብር ክፍል ብቻ ነው የሚያዘው። ያ ክፍል ደግሞ ያንቺ ክፍል ነው። ገባሽ? የሚመለከተው ክፍል አንቺ ነሽ፤ ከቢሮ ውጭ የሆንሽው።

የሆቴሉ ክፍያ ስላበቃ መብርሂትን ወደ ቤት ይዣት መጣሁ። በመስቀል አደባባይ አድርገን በአዲሱ ባቡር ተሳፈርን። ባቡሩ ሲንቀሳቀስ መቀመጫውን በእጇ መታ መታ አድርጋ «ይሄኛው እንኳ ገብቷል» አለች። ይኸው ካንቺ አልጋ ላይ ተኝታ ሰነበተች። አቶ ተከስተ ዘንድ በየቀኑ ሄደናል። አሁን ጥበቃው ከሩቅ ሲያየን «ስብሰባ ላይ ናቸው» ይላል። ስለ ምን እንደሚሰበሰቡ አልጠይቅም፤ ስለ ረሃብ እንደሆነ አውቃለሁ። ለሚቀጥለው ጉባኤ ሌላ አስተርጓሚ ተገኝቷል አሉ። እኔም ጉልበቴን አሳርፋለሁ።

ሰምሃልዬ፣ ተቆጥቼ ከሆነ ባንቺ አይደለም። ወይም ትንሽ ባንቺ ነው። ገንዘብ ላኪ አላልኩም፣ ዓለምን አድኚም አላልኩም። አንድ ፎቅ ወጥተሽ፣ ያን ቃለ ጉባኤ የያዘውን ሰው አግኝተሽ፣ የዓረፍተ ነገሩን ሁለተኛ ግማሽ ንገሪልኝ፦ እህሉስ መቼ ይገባል? አጭር ነው። ማዳመጫውን እስኪያወልቅ ድረስ ያልቃል።

መብርሂት ነገ በሌሊቱ አውቶቡስ ትሳፈራለች። «ቆይ፣ ልጄ መልስ ትልካለች» አልኳት።

«ጆንያ ይዞ የተቀመጠን ሰው በስልክ አላስነሳውም መምህር» አለች። «ፊቴን አይቶ ይቆጣ። ቢያንስ የሚቆጣው ሰው ያግኝ።»

ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣለች። ለልጄ ምን ልበልልሽ ብላት አልጋሽን እያየች «አልጋሽ ይመቻል፣ ግን የሰው ሽታ የለውም በልልኝ» አለች። ሳልተረጉም እንዳለ ጽፌዋለሁ።

እንግዲህ ነገ አልጋው ባዶ ነው። ለፋሲካ እመጣለሁ ያልሽው ቃል አምናም ዘንድሮም በደህና ገብቷል፤ እኔም በምስጋና ተቀብያለሁ።

ሥላሴ ከክፉ ይጠብቁሽ፤ እንጀራሽን ያብዙልሽ፤ ከበርሽ ላይ ባዶ ጆንያ የያዘ ሰው አያቁሙብሽ።

አባትሽ
ገብረሚካኤል