ወንበርህ ላይ የተቀመጠው ሰውዬ

ለወንድሜ ለራንዳል፣

እንዴት ነህልኝ ወንድምዬ? ጤናህስ? ሆድህ ያንን የመርከብ ምግብ ለመደው ወይስ አሁንም ባሕሩ ያስመልስሃል? ያ ከዛፍ ስትወድቅ የተሰበረው ጉልበትህስ ብርዱን ቻለው? እንቅልፍስ ትተኛለህ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ደህና ናት። አባዬም ከዚያች ከማትለቀው ሳል በቀር ደህና ነው። እኅትህ ሎሬታም ደህና ናት፤ እኔን ግን አታናግረኝም። ለምን እንደማታናግረኝ ነው አሁን የምነግርህ። ውሻውም ደህና ነው። እኔንማ ምን ትጠይቀኛለህ? ጎማ ቤቱ ውስጥ ከኔ ፈጥኖ ጎማ የሚያወልቅ ገና አልተወለደም። ባለቤቱ ራሱ ሥራውን ትቶ ቆሞ ያየኛል።

የአሜሪካን ፉትቦሉን ወሬ ላክልኝ ብለሃል። መርከቡ ላይ ሬዲዮ አይያዝም ካልክ እንግዲህ ስማ፤ ከጋዜጣ ይልቅ ከኔ ብትሰማ ይሻልሃል። ጋዜጠኞቹን እኔ አላምናቸውም። ግማሾቹ ባላንጣዎቻችን ዘንድ፣ ኦክዴል የተማሩ ናቸው፤ ኦክዴል የተማረ ሰው ስለኛ ቡድን ደግ ነገር ጻፈ ቢሉህ እንዳትሰማ።

ቡድናችን በሬዎቹ የመጀመሪያ ተጋጣሚያቸውን 38 ለ 6 ገደሉት። አገሩ በሙሉ ጥሩምባ እየነፋ ዋለ። እኔ ግን ጠረጠርኩ። እንዲህ ያለ ሙት ቡድን ከየት ፈልገው አመጡልን? እኛን አዘናግቶ ለመጣል ካልሆነ? በሁለተኛው ሳምንት በጠባቡ አለፍን። አዲሱ ግብ መቺያችን ሁለቴ ሞክሮ ሁለቴም ሳተ፤ አያቱ ኦክዴል ነው ያሉት ይባላል፤ እኔ ምንም አላልኩም፣ ብቻ ነገሩን ያዝኩት። በሦስተኛው ዳኛው የኛን ልጅ መስመር ረግጠሃል ብሎ ከለከለው። ልጁ መስመሩን ቢረግጠው ኖሮ እኔ አላይም ነበር? ከጣሪያው ላይ አንቴናውን ይዤ፣ በመስኮት አንገቴን አስግጌ ነበር የማየው፤ ጥርት አድርጌ ነው ያየሁት። ለማንኛውም አሸነፍን። ከዚያ በኋላ ማን ያቆመናል? በየሳምንቱ እየደቆስን መጣን። ያ ኳስ ወርዋሪያችን ክንዱ መድፍ ነው። በግራ በኩል ይሩጡ ብዬ ከመጀመሪያው ቀን ተናግሬ ነበር፤ በአራተኛው ሳምንት አሰልጣኙ በግራ አስሮጣቸው። ማን እንደነገረው እንጃ፤ ጎማ ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ ግን አፌን ይጠብቃል።

እስከ ኦክቶበር አንድም አልተሸነፍንም። ከዚያ ግሬዲ መጣ።

ግሬዲ የሎሬታ እጮኛ ነው። ትራክተር ይጠግናል፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ ሰውዬ። ቀለበት አድርጎላታል። እኔ ልጁ ክፉ ነው አላልኩም። ብቻ ዝም የሚል ሰው አላምንም። ዝም የሚል ሰው የሆነ ነገር አፉ ውስጥ ይዟል።

የቤታችንን ሥርዓት መቼም ታውቀዋለህ። ቅዳሜ ጨዋታ ሲኖር የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይጠፋል፣ የኛ የሬዲዮው ሰውዬ ይለፈልፋል። እየመራን ከሆነ ማንም ከተቀመጠበት አይነሳም፤ ሽንት ቢይዘውም አይነሳም። ያንተ ወንበር ደግሞ ከሄድክ ጀምሮ ባርኔጣህ ተቀምጦበታል፤ ማንም አይነካውም። ግሬዲ ያን ቅዳሜ ገባና ሰላምታውን ሰጠ። ከዚያ ባርኔጣህን አንስቶ ጉልበቱ ላይ አኖረና ወንበርህ ላይ ዘፍ አለ። አባዬ የሚግጠውን የአሳማ ጎድን ከአፉ አወጣና፣ «ልጄ፣ እዚያ ወንበር ላይ ሰው አለ» አለው። ግሬዲ ግራ ቀኝ አየ። «የት ጌታዬ?» «ባሕር ላይ» አለው አባዬ። ምስኪኑ ዘሎ ተነሳ። ምን ዋጋ አለው፤ ነገሩ ተበላሽቷል። ያን ቀን 14 ለ 13 ተሸነፍን። በአንድ ነጥብ! ከዚያ ወዲያ እኔ ዓይኔን ከሱ ላይ አላነሳሁም።

አሁን ነገር ጀመረ። በሚቀጥለው ሳምንት ማዕድ ላይ ስለ ሠርጉ ተነሳ። ግሬዲ ለሚቀጥለው ዓመት በኦክቶበር ሁለተኛዋ ቅዳሜ ብናደርገውስ አለ። አባዬ ሹካውን አስቀመጠ። በመከር፣ በኳስ ወራት ቅዳሜ ልጁን የሚድር ሰው እዚህ አገር አይተህ ታውቃለህ? ቄሱ ራሱ አይመጣም! እኔ ግን ከዚያም አልፌ አሰብኩ፤ መቼም አእምሮዬን ታውቀዋለህ። ያቺ ቅዳሜ የምን ቅዳሜ ናት? እኛ የምንጫወትባት ናት። የማይጫወተው ማነው? የኦክዴል ተርቦች፣ እነዚያ ቢጫ ለባሾች! የሁሉንም ቡድን የሚቀጥለውን ዓመት ጨዋታ በቃሌ ነው የማውቀው። ይኼ ሰውዬ የኛን ጨዋታ ረስቶ፣ የተርቦቹን የዕረፍት ሳምንት ግን አልረሳም።

ለአባዬ ሹክ አልኩት። «ተርብ ከሆነማ» አለ፣ «ሎሬታን በክንዴ ይዤ ቤተክርስቲያን አላስገባትም። ብቻዋን ትሂድ።» አባዬ አንዴ ከተናገረ እንደማይመለስ አንተም እኔም እናውቃለን። ሎሬታ ሰማችና በሰሐን ልትፈነክተኝ መጣች። «አንተ ለራስህ ሴት አጥተህ የኔን ባል ታሳድዳለህ! ጎማህን ንፋ!» አለችኝ። ይህን ሁሉ ቻልኩ። ያለ ማስረጃ እንደማልናገር ታውቃለህ።

ማስረጃውን ደግሞ በገዛ አፉ ሰጠኝ። አንድ ቀን መኪናው ሥር ሆኜ ዘይቱን ሳፈስለት፣ እንደ ቀልድ አድርጌ፣ «ግሬዲ፣ የጭቃው ጨዋታ ቀን አንተ የት ነበርክ?» አልኩት። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ተርቦቹን አሸንፈን አባዬ ከደስታው የተነሳ ሸሚዙን አውልቆ ዝናቡ ውስጥ የሮጠበት ቀን። ከኛ ወገን ሆኖ ያን ቀን የት እንደነበረ የማይናገር ሰው የለም። ግሬዲ ፊቱ ጭፍግግ አለ። «አቤት ያ ቀን! አጎቴ ቤት ነበርን፤ እራት እንኳን የበላ ሰው አልነበረም» አለኝ። ከመኪናው ሥር ጭንቅላቴን አወጣሁና አየሁት። እሱም አየኝ። ጆሮው እንደ በርበሬ ቀላ። «ከደስታ ብዛት ማለቴ ነው» አለ። እኔ የዘይቱን መዝጊያ አጥብቄ ዘጋሁና ሳቅ አልኩ። ያዝኩህ አልኩ በሆዴ።

ለአባዬ ግን ወዲያው አልነገርኩትም። ከተርቦቹ ጋር የምንገጥምባትን ቅዳሜ ጠበቅኩ። ያቺ ትናንት ነበረች። በሰው ሁሉ ፊት ነው የማጋልጠው ብዬ ነው።

ትናንት እንግዲህ ሁላችንም ተሰበሰብን። አባዬ ጎድኑን ሲያጤስ አድሮ ዓይኑ እንደ ፍም ቀልቷል። እማዬ የተቀቀለ ኦቾሎኒ በትልቁ ሳህን አስቀምጣ፣ እንደ ልማዷ ወደ ኩሽና ገባች። ከተርቦቹ ጋር ስንጫወት ልቤ አይችልም ብላ ኩሽና እንደምትሆን አንተም ታውቃለህ። ግሬዲ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እኔ ጨዋታውን ትቼ የሱን ፊት ማየት ጀመርኩ። እውነቴን ነው የምልህ፣ የመጀመሪያውን አጋማሽ አላየሁትም፤ ነጥቡን ከሬዲዮው ነው የሰማሁት። ተርቦቹ ሲያገቡ ጉልበቱን ጨመቀ። እኛ ስናገባ አጨበጨበ፤ ግን እንዴት? ቀብር ላይ እንደሚያጨበጭብ ሰው። ከንፈሩን ነክሶ ነክሶ ሊያደማው ነበር።

ዕረፍት ሲሆን ተነሳሁ። ሬዲዮውን ቀነስኩ። «አባዬ» አልኩት፣ «ቤትህ ውስጥ ተርብ ገብቷል» አልኩና ጣቴን ቀሰርኩ። የሠርጉን ቅዳሜ ተናገርኩ፣ የጭቃውን ጨዋታ ተናገርኩ፣ ወንበርህን ተናገርኩ። ጠበቃ እንኳን እንደዚያ አይናገርም። ሎሬታ የበቆሎ ዳቦ ወረወረችብኝ፤ ግንባሬን አገኘችው። ግሬዲ ከበርጩማው ተነሳ። ይሸሻል ብዬ ነበር። አልሸሸም። «እውነቱን ነው ጌታዬ» አለ። «አባቴም ተርብ፣ አያቴም ተርብ ነበሩ። ሎሬታ ታውቃለች። እኔም ልነግርዎት ነበር። ግን ሁልጊዜ የምንገናኘው ቅዳሜ ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ሁልጊዜ ቢላዋ እጅዎ ላይ አለ።» አባዬ የጎድን መክተፊያውን ቢላዋ አየው። አስቀመጠው። «ጨዋታው ይለቅ» አለ። ሎሬታ ቀለበቷን በጣቷ እያዞረች፣ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች። እኔ ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር ወንድሜ፤ እሷን ሳይ ግን ጎድኑን ሰሐኑ ላይ መለስኩት።

በሁለተኛው አጋማሽ 20 ለ 17 እየመራን ነበር። ሰዓቱ ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ኳሷ በተርቦቹ እጅ ናት፤ ሜዳው በሙሉ ፊታቸው ነው። ያ ወርዋሪያቸው፣ ያ እግረ ቀጭን፣ ወደ ሰማይ ለቀቃት። ሁለት የኛ ልጆች ዘለሉ፤ እርስ በርስ ተጋጩና ወደቁ። ይኼን እንኳ በኋላ አጣራዋለሁ፤ አንደኛው ሆን ብሎ ነው የወደቀው። ተርቡ ኳሷን ታቅፎ ብቻውን እስከ መጨረሻው መስመር ሮጠ። አለቀ። 24 ለ 20።

ግሬዲ መሬት መሬት ያያል። ያኔ ከኩሽና የድስት ክዳን ወለሉ ላይ ወድቆ ተንከባለለ፣ ቀጥሎም «ኡይይይ!» የሚል ድምፅ መጣ። እማዬ ተቃጠለች ብዬ ዘልዬ ተነሳሁ።

አባዬ ሸሚዜን ያዘኝ። «ተቀመጥ» አለኝ። «አልተቃጠለችም።»

«ስትጮህ ሰማሁ እኮ» አልኩት።

«ከተጋባን ጀምሮ ስትጮህ ነው የምሰማት» አለ። «እነሱ ባገቡ ቁጥር ክዳን ይወድቃል። ሬዲዮው ሳይነግረኝ ከኩሽና ነው የማውቀው። ደንቆሮ ነኝ እንዴ?»

ራንዳል! እማዬ! እናታችን! በስማችን የበሬ ሥዕል ያለበት ሹራብ የሠራችልን እናታችን ተርብ ናት!

አባዬ ወደ ግሬዲ ዞረ። ከላይ እስከ ታች አየው። «አንተ ልጅ» አለው በመጨረሻ፣ «እሷ ይኼን ሁሉ ዘመን ብቻዋን ነው የተደሰተችው። ግባና አብረሃት ዕቃ እጠብ።» ግሬዲ የሰማውን አላመነም። «ግባ እንጂ! እዚህ ፊቴ ላይ እንዳትስቅ ብቻ» አለው። ግሬዲ ገባ። በሩ ተዘጋ። መጀመሪያ ውኃ ሲወርድ ተሰማ። ከዚያ ሁለት ሰው ሲስቅ፤ ራሳቸውን መያዝ አቅቷቸው፣ እንደ ሕፃን። አባዬ ሎሬታን ጠራትና አጠገቡ አስቀመጣት። «ይዤሽ እገባለሁ» አላት። «ቅዳሜ ግን አይሆንም።» ሠርጉ እሑድ ከሰዓት ሆኗል፣ ከገና በኋላ። ፈቃድ ከሰጡህ ና።

ማታ እማዬን ጠየቅኋት። አያታችን ነው አለችኝ፤ የአባዬ አባት፣ ሙሽራ ሆና በገባች በሳምንቱ ቢጫ የለበሰ እዚህ ማዕድ ላይ አይቀመጥም ብሎ ተናገረ፤ እሷም ኩሽናውን መረጠች። «እሱ ከሞተ በኋላስ ለምን አልወጣሽም?» አልኳት። «አባትህ ሲሸነፍ ፊቱ ያሳዝነኛል» አለችኝ፤ «እዚያ ተቀምጬ ብስቅ ይከፋዋል።» እሱ ያውቃል አልኳት። እጇን በሽርጧ እየጠረገች፣ «ማወቁንማ አውቃለሁ» አለች። እንግዲህ ሁለቱም እያወቁ ነው! ከዚህ በኋላ በዚህ ቤት ማንን ነው የማምነው?

አባዬ ሰላም ብሎሃል፤ እጅህን ከመርከቡ ሞተር አርቅ ብሏል። እማዬ ሳመችህ፤ የሱፍ ካልሲ ልትልክልህ ነው፤ ቀለሙን እይልኝ፣ ቢጫ ከሆነ ጻፍልኝ። ሎሬታ ሰላም ብላለች፤ ለኔ ግን አልነገረችኝም፣ ለአባዬ ነው የነገረችው። ግሬዲም ወንበርህን ስለያዝኩ ይቅር በለኝ ብሎሃል። ውሻው ጅራቱን ቆልቶልሃል።

አንድ ነገር ግን ቀርቶኛል፣ ወንድሜ። ትናንት ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ አሰብኩ። ከተርቦቹ ጋር ስንጫወት ሰሐን እየሰበሰበ ወደ ኩሽና ይመላለስ የነበረው ማነው? ማንም ሳይለው ዕቃ የሚያጥብ ወንድ ልጅ የት አገር ነው ያለው? እኔ እኮ ጨዋነት መስሎኝ ነበር። እውነቱን ጻፍልኝ። ባርኔጣህን ከወንበሩ አላነሳሁትም፤ መልስህ እስኪመጣ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬዋለሁ።

ታናሽ ወንድምህ ኮልቢ

ሃርሞን ክሪክ፣ አላባማ
ኖቬምበር 23 ቀን 1986