አባባ ለእንግዳ የተነሡበት ቀን

አሽቀሎን፣ እስራኤል፣ ግንቦት 6 ቀን 2017

ለእህት ዓለሜ ለጌጤ፣

ሰላምታዬ ጎንደር ደጅሽ ድረስ ይድረስሽ፤ ልጆቹን አንድ በአንድ ሳሚልኝ። እኛ አለን። "አለን" ብዬ ስጽፍ ግን እጄ ይከብደኛል፣ ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

የቀበሌው ኮሚቴ ለሴፍቲኔት ድሃ ሊመርጥ ቤትሽ ሲመጣ፣ ከጎረቤት ሶፋ ተውሰሽ እንደተቀበልሻቸው፣ እነሱም "ሶፋ አላት" ብለው እንደሰረዙሽ ጽፈሽልኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ስቄብሻለሁ። ምን ዓይነት ሞኝ ናት አልኩ። በሰኔ ተመልሰው ሲመጡ ምን ላድርግ ብለሽም ጠይቀሽኛል። ሳልመልስልሽ የቆየሁት አባባም ያንኑ ስላደረጉ ነው።

በ83 አዲስ አበባ ላይ የተሰናበትሽው ያ ቀጥ ያለ ቁመት ጎብጧል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ መታጠቢያ ቤት ሁለት ጊዜ ወድቀዋል፣ አንድ ቀንማ ጋዙን ከፍተው ረስተውት ደረስኩ። እኔ ቀኑን ሙሉ አጋሚም የሚባል ሰፈር ሥራ ላይ ነኝ። ታሚር የሚባል አሠሪ አለኝ፤ የእሱን እናት አጥባለሁ፣ አጎርሳለሁ። የሰው እናት ሳጥብ የራሴ አባት ብቻቸውን ይውላሉ። ሥራውን ብተው ደግሞ የቤት ኪራይ የምንከፍለው የለንም። መንግሥት ለደከመ ሽማግሌ በሳምንት የተወሰነ ሰዓት ረዳት ስለሚልክ፣ እሱን ጠየቅን።

አቅማቸውን መዝና እንድትጽፍ ኦሽራት የምትባል ልጅ ከመንግሥት ቢሮ ተልካ መጣች። አባባ እንግዳ ይመጣል ሲባሉ ገና ሳይነጋ ተነሥተው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ ጋቢያቸውን ደርበው፣ በር ላይ ቆመው ጠበቋት። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ።

"ብቻዎን ይለብሳሉ?"

"እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ብቻዎን ይታጠባሉ?"

"ተመስገን፣ ምን ጎድሎኝ።"

ስለ ሽንት ቤት ስትጠይቃቸው አንገታቸውን ደፉ። ቀና አሉና "ልጄ፣ ከመንገድ መጥተሽ ውኃ እንኳ ሳትቀምሺ?" አሏት። ተነሥተው በሁለት እጃቸው ብርጭቆ ይዘውላት መጡ። ግማሹ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። እሷ ግን "ኮል ሀካቮድ፣ ሳባ" አለቻቸው፤ ጎበዝ፣ አያቴ ማለቷ ነው። አለችና ጻፈች። በሦስተኛው ሳምንት ወረቀት መጣልን፦ ራሳቸውን የቻሉ ናቸው፣ ዜሮ ሰዓት።

ለታሚር ብነግረው ሳቀ። "ቤቱን አጽድተሽ ጠበቅሻት? እኛ እኮ የእናቴን ፀጉር ሦስት ቀን አላበጠርንም" አለኝ፤ የወጥ አሠራር እንደሚያስተምር ሰው ዘና ብሎ። ትቼው እናቱን ላበጥር ገባሁ። ግን አልረሳሁትም።

የሚቀጥለውን ስጽፍልሽ ራሴን እየተጸየፍኩ ነው። ይግባኝ ጠየቅን፣ ከሦስት ወር በኋላ እንደገና ሊያዩዋቸው ቀጠሮ ተያዘልን። በዋዜማው አላጠብኳቸውም፣ ልብሳቸውን አልቀየርኩም። ጠዋት የማያስፈልጋቸውን ዳይፐር አደረግሁላቸው። ከዘራቸውን አልጋ ሥር ደበቅሁት።

"አባባ፣ እንዳይነሡ። የጠየቁዎትን ሁሉ 'አልችልም' ይበሉ።"

"እንግዳ ቆሞ እኔ ልተኛ?"

"ለእኔ ሲሉ።"

ብርድ ልብሱን እስከ አገጫቸው ሳቡት።

ያቺው ኦሽራት መጣች። ብርድ ልብሱን በሁለት ጣቷ ገለጥ አድርጋ አየች። አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩና ገና ሳትጠይቃቸው "አልችልም" አሉ።

"በሦስት ወር እንዲህ ደከሙ?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት፣ ዓይኔን ሳላሽ። ስትወጣ ትከሻዬን ቸብ ቸብ አድርጋ "አሁን ይሰጧችኋል" አለችኝ። ማታውኑ ያልቀየርኩላቸውን ሸሚዝ አውልቄ አጠብኩት።

በሳምንት አሥራ ስምንት ሰዓት ረዳት ተፈቀደልን። ውኃ ይዘው የመጡ ቀን ዜሮ፣ ፊታቸውን ያዞሩ ቀን አሥራ ስምንት። አለነ የሚባል ረዳት ተልኮልናል፤ ደግ ልጅ ነው፣ ጋዙም ከዚያ ወዲህ አያሰጋኝም። የፈለግሁትን አግኝቻለሁ፤ ግን ወረቀቱን እንዳላየው ገልብጬ መሳቢያ ውስጥ ከትቼዋለሁ።

አባባ ከዚያ ቀን ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም። ከዘራውን አውጥቼ አጠገባቸው አቁሜዋለሁ፣ አይነኩትም። አለነ በር ሲያንኳኳ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ።

ሶፋውን ለጎረቤትሽ መልሺ፣ ልጆቹንም ሳታጥቢ ኮሚቴውን ጠብቂ ብዬ ጽፌልሽ ነበር። ቀደድኩት። ልጆቹ እህል እንደሚያስፈልጋቸው አውቃለሁ፣ እንዳታደርጊው ማለትም አልቻልኩም።

ዛሬ ጠዋት "አባባ፣ እንዴት አደሩ?" አልኳቸው። እንደ ድሮው ተመስገን ይሉኛል ብዬ ቆምኩ። ፊቴን ትክ ብለው አዩና "ምን ልበል?" አሉኝ።

የአባቶቻችን አምላክ ደጅሽን እንግዳ አያሳጣው፣ ለእንግዳ የምትነሺበትንም ጉልበት አይንሳሽ።

እህትሽ ይታይሽ