ባለ ሦስት ክር ንግግር

ሰኞ፣ ጥር 6

ዛሬ ወደ ጎልማሶች የንባብ ክፍሌ አዲስ ተማሪ መጣ። አናጺ ነው፣ ግዙፍ ሰውዬ። መጽሐፉን ስሰጠው ደረቱን ዳበሰ፣ ኪሱን ዳበሰ። «መነጽሬን ረስቼ መጣሁ» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ምስኪን፣ ግራ ገባው። እትዬ ከፊት ወንበር ዞር ብለው «አይዞህ ወንድሜ፣ ሁላችንም መነጽር ስንረሳ ነው የኖርነው። እዚህ ቤት ግን በመነጽር ማመካኘት ክልክል ነው» አሉት።

ደንቡ የእኔ ነው። የመጀመሪያው ቀን ያወጣሁት። ደስ አለኝ።

እትዬ የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናቸው። ሃያ ስድስት ዓመት። የየክፍሉን አንሶላ የሚለዩት ጥጉ ላይ ራሳቸው በሰፉት ክር ነው። ቀይ የቀዶ ጥገና፣ ሰማያዊ የወላዶች፣ አረንጓዴ የሕጻናት። አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም። ንባቡ ግን ገና ነው። አጭር ቃል ይይዛሉ፣ ዓረፍተ ነገር ላይ ይበተንባቸዋል። ይደርሳሉ... ጊዜ ነው የሚያስፈልጋቸው።

ሐሙስ፣ ጥር 9

የትምህርቱ አስተባባሪ ቢሮው ጠራኝ። የጎልማሶች ትምህርት ጉባኤ በ25 ነው። ሁለት ዋና ተናጋሪዎች። አንዱ ፕሮፌሰር፣ ሌላው «ከተማሪዎች መካከል»። ከማን ክፍል? ከእኔ። በሪፖርቴ ምክንያት ነዋ! ከሠላሳ ተማሪ ሃያ ስምንቱ አቀላጥፈው ያነባሉ ብዬ የጻፍኩት። የእውነት የሚያነቡት ዘጠኝ ቢሞሉ ነው። ውጤት የሌላቸው ክፍሎች ይዘጋሉ ሲባል እጄ ጻፈው... እጄ ምን አደረገ? እኔ ነኝ።

ከተማሪዎቼ የቧንቧ ሠራተኛውን ልስጥህ አልኩ። እሱ የእውነት ያነባል።

«ያ የሚንተባተበው? አዳራሹን ሊያስተኛልን ነው እንዴ? አፍ ያለው ሰው አምጣ።»

አፍ ያላቸውማ እትዬ ናቸው። «እሺ» ብዬ ወጣሁ። አንድ ቃል አልተከራከርኩም።

ሰኞ፣ ጥር 13

ለእትዬ ነገርኳቸው።

«እኔ? ሳላነብ?»

«ንግግሩን እኔ እጽፈዋለሁ። እርስዎ በቃልዎ ይያዙት።»

«ወረቀት ይዤ ልቆም ነው?»

«ይዘው።»

«ታዲያ ማታለል አይሆንም የኔ ልጅ?»

እስከዚያ ያነባሉ አልኳቸው። በአሥራ ሁለት ቀን! ዓይናቸውን እያየሁ። አለበለዚያ ክፍሉ ሊዘጋ ይችላል ብዬም ጨመርኩ። ይሄኛው እንኳ እውነት ነው። «ክፍሉ ከሚዘጋስ...» አሉ። በዚሁ ያዝኳቸው።

ሐሙስ፣ ጥር 16

ባለቤቴን ክር ጠየቅኳት። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። ልብስ ሰፊ ናት፣ ክር አይጠፋትም። «ቁልፍህን ራስህ ልትተክል? ዘንድሮ ጉድ ነው!» አለች። ለትምህርት መርጃ ነው አልኳት።

ሦስት ገጽ ንግግር፣ በየጥጉ ክር። ቀዩ መጀመሪያ፣ ሰማያዊው መሐል፣ አረንጓዴው መጨረሻ። እትዬ ሲያዩት ሳቁ። «አንሶላ አደረግከው እኮ!» ከዚያ ተለማመድን። ጣት መስመሩ ላይ... ዓይን ዝቅ፣ ዓይን ቀና... «ልጆቼ» ሲሉ ገጽ መግለጥ። ሁለት ሰዓት ሙሉ። አንዲት ፊደል አልጨመርንም። ያስተማርኩት ማስመሰል ነው። ጎበዝ ተማሪ ናቸው ደግሞ።

ቅዳሜ፣ ጥር 25

ልጻፈው። ካልጻፍኩት አይለቀኝም።

አዳራሹ ጢም ብሏል። እኔ ፊት ረድፍ፣ ከአስተባባሪው ጎን። እትዬ አዲስ ነጠላ ጫማ አድርገዋል፣ ያንሸራትታቸዋል። መድረክ ላይ ሲወጡ ይወድቃሉ ብዬ ፈራሁ። ግን ምን ዓይነት ንግግር! ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ። አንድም ቦታ አልተሳሳቱም። «ዛሬ የልጄን ደብዳቤ ማንም ሳያነብልኝ ራሴ አነባለሁ» ያሉ ጊዜ ከኋላዬ ያለችው ሴትዮ ተንሰቀሰቀች። ያን መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ። እትዬ ልጅ እንኳ የላቸውም። ሰው ሁሉ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። አስተባባሪው ጉልበቴን መታ መታ አደረገኝ። እኔም አጨበጨብኩ...

ቀጥሎ ፕሮፌሰሩ። የተዘጋጀበትን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ። እኔ ከዚህ በኋላ ምን እናገራለሁ? አለ። የክፍሌን ቁጥር ጠቀሰ፣ ሃያ ስምንቱን። ከዚያ የጉባኤውን መግለጫ አነሳ። «ይህን ማንበብ የሚገባው እኔ አይደለሁም። የመጀመሪያውን መስመር እናታችን ያንብቡልን።»

ሰውዬው ሊያከብራቸው ነው። ከልቡ።

ወረቀቱን ተቀበሉ። አውራ ጣታቸው ወደ ጥጉ ሄደ፣ ዳበሰው። ክር የለም። ሌላውን ጥግ ዳበሱ። አቀርቅረው ቆዩ፣ ቆዩ... ቀና ብለው እኔን አዩኝ። እኔ ምን አደረግኩ? ጫማዬን አየሁ።

«መነጽሬን ረስቼ መጣሁ» አሉ።

ሰዉ በፍቅር ሳቀ። ፕሮፌሰሩ «ምንም አይደል እናቴ» ብሎ ራሱ አነበበው። ማንም አላወቀም። ማንም!

እሑድ፣ ጥር 26

ባለቤቴ «ጉባኤው እንዴት ነበር?» አለችኝ። ጥሩ ነበር አልኩ።

ሰኞ፣ ጥር 27

እትዬ አልመጡም። የቧንቧ ሠራተኛው «እ... እ... እትዬስ?» አለኝ። አሟቸው ይሆናል አልኩ። አሁንማ ውሸት ሳልጠራው ነው የሚመጣው።

ረቡዕ፣ ጥር 29

ሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ሄድኩ። እንፋሎት፣ የበረኪና ሽታ፣ የማሽን ጩኸት። አንሶላ እያጠፉ ነበር። አንዱን ጫፍ ያዝኩላቸው። አልከለከሉኝም። ሦስት አንሶላ አጠፍን። ይቅርታ ልጠይቅ ነው የመጣሁት አልኩ።

«ውሸቱን ለምጄዋለሁ» አሉ። «ስንት ዘመን ባንክ ቤት፣ ቀበሌ፣ መድኃኒት ቤት ስለው ኖሬያለሁ። ለራሴ ነበር። የቅዳሜው ግን ላንተ ነው። ፊትህን አየሁት። አመድ መስለህ ነበር።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን አለበት?

«ተነስቶ ያድነኛል ብዬ ጠበቅኩ እኮ» አሉ። ከዚያ አንሶላውን ከእጄ ወሰዱት፣ ቀስ ብለው። «በል፣ የወላዶቹ ይቀረኛል።»

ሐሙስ፣ ጥር 30

ለአስተባባሪው ደብዳቤ ጻፍኩ። ሃያ ስምንት ሳይሆን ዘጠኝ ናቸው። ንግግሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተናጋሪዋ መነጽር የላቸውም፣ ጥፋትም የላቸውም። ፖስታው አልታሸገም። ደመወዜም ክፍሉም አብረው ቢሄዱስ? ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት። «ክሩን ከእኔ ነው የወሰድከው» ብቻ አለች።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

ደብዳቤውን ሰኞ አስገብቻለሁ። መልስ የለም። አስተባባሪው ኮሪደር ላይ አይቶኝ ዞረ። ክፍሉ እስከ ወሩ መጨረሻ ይኑር አይኑር አላውቅም።

ዛሬ ግን የደብዳቤውን ቅጂ ክፍል ይዤ ገባሁ። እትዬ መጥተዋል! ከፊት አይደለም፣ በሩ አጠገብ፣ ቦርሳቸውን አቅፈው። መጽሐፍ አትክፈቱ አልኩ። የቧንቧ ሠራተኛውን ይህን አንብብልን አልኩት። ቆመ። ተንተባተበ፣ ላበው፣ አንዱ ቃል ላይ አራቴ ተመለሰ። ማንም አላጣደፈውም። እኔ ጥቁር ሰሌዳው ጋ ቆሜ ሁሉንም ሰማሁ። ጫማዬን አላየሁም፣ ቢያንስ። ሲጨርስ አናጺው «ኧረ መምህር!» አለ። ከስድብ ይከብዳል።

እትዬ ተነሱ። የሚወጡ መሰለኝ። መጥተው ወረቀቱን ከቧንቧ ሠራተኛው እጅ ተቀበሉ። በአውራ ጣታቸው ጥጉን አልዳበሱም። ጣታቸውን መስመሩ ላይ አደረጉ፣ ገፉ፣ ቆሙ፣ ገፉ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አልረዳኋቸውም። ማስመሰል እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ማስመሰሉን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

«መ... ነ... ጽ...» አሉ። «መነጽር።»

ጣታቸውን ሳያነሱ ብዙ አዩት።

«ይሄን ሁሉ ዘመን ስዋሽበት የኖርኩት መልኩ ይሄ ነው?» አሉኝ።